አሥራ ሦስተኛዋ ሽምብራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ ስቶፕ ዎች፣ አንድ ነጭ ፎጣና አንድ ጭብጥ ጥሬ ሽምብራ ነበር። ስቶፕ ዎቹንና ፎጣውን ፈርሜ ወሰድኩ። ሽምብራው በንብረት መዝገብ ላይ ስላልነበረ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው እንዲሁ እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር።

«ጥሬ መሆኑን እይ» አሉኝ። «ቆሎ ከሆነ ሳታውቀው ትበላዋለህ። ከዚያ አትሌቱ ስንት ዙር እንደቀረው የሚያውቀው ሆድህ ብቻ ነው።»

ሃምሳ አለቃ ደጀኔ የጦር ሠራዊት ሯጭ የነበሩ፣ በኋላም የብሔራዊ ቡድኑ ዙር ነጋሪ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ከልደታ ማርያም ጀርባ ተወልጄ ያደግሁ፣ ያን ጊዜ በአንድ ክለብ የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት ነበርኩ። ማሊያ እቆጥራለሁ፣ ጫማ እቆጥራለሁ፣ ፎጣ እቆጥራለሁ። ሃምሳ አለቃ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው «ቁጥር የማይስተው ሰው ማነው?» ብለው ሲጠይቁ አለቃዬ እኔን ጠቆመ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በጥያቄውም በመልሱም እደነግጣለሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። በረጅም ርቀት ውድድር ዳኞቹ፣ የዙር ሰሌዳውና ደወሉ ያሉት በመጨረሻው መስመር በኩል ነው። ሯጩ እዚያ ሲደርስ ሰሌዳውን ለማየት ያለው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ቡድናችን ከመስመሩ ማዶ፣ ከመሮጫው መም ሌላኛው ወገን የራሱን ሰው ያቆማል። ይህ ሰው አይጮህም። መጨረሻው ላይ ፎጣ ያነሣል። ፎጣው ሲነሣ «ግማሽ ዙር ቀርቶሃል፣ ያለህን ሁሉ ልቀቅ» ማለት ነው። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል።

አምስት ሺህ ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ያ ግማሽ ዙር ነው ሰውን የሚያሳብደው። ውድድሩ የሚጀመረው እኛ ከምንቆምበት ከማዶ ሲሆን የሚያልቀው በተመልካቹ በኩል ነው። ሃምሳ አለቃ አሥራ ሁለት ሽምብራ በቀኝ ኪሳቸው ያስቀምጣሉ። ሯጮቹ ዞረው ፊታቸው በደረሱ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ ያሻግራሉ። ቀኝ ኪሳቸው ባዶ ሲሆን ፎጣው ይነሣል። ዓይናቸው ከሯጩ ሳይነቀል እጃቸው ይቆጥራል።

እሳቸው ከወጡ በኋላ እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ። ሽምብራውን አሥራ ሦስት አደረግሁና የመጀመሪያዋን ሽጉጡ ሲተኮስ አሻግራታለሁ። እጄ ከሯጮቹ ጋር አብሮ ሥራ እንዲጀምር ብዬ ነው። መጨረሻው ያው ነው፤ ኪሱ ባዶ የሚሆነው በዚያው ቦታ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሻይ ቤት ተገናኝተን ይህን ብነግራቸው ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ያልተሮጠ አይቆጠርም» አሉ።

«መነሻውን ለማስታወስ ነው እንጂ።»

«አንተ ተሰማ፣ ያልተሮጠ አይቆጠርም አልኩህ።»

የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ሻዩን እኔ ጋበዝኳቸው።

ዝና ያገኘሁት በጎረቤት አገር በተደረገ አንድ ውድድር ነው። ሰሌዳ ገልባጩ አንድ ቁጥር ዘለለ። ሯጮቹ ሁሉ አንድ ዙር ቀደም ብለው የመጨረሻ ጉልበታቸውን ጨረሱ። የእኛ ልጅ ግን ማዶ ሲደርስ እኔን አየ፤ ፎጣዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ያዝ አደረገ። በሚቀጥለው ዙር ፎጣው ሲነሣ ለቀቀውና አሸነፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው አሰልጣኛችን በላቸው ለእያንዳንዱ አዲስ አትሌት «ሰሌዳ አትዩ፣ ጋሽ ተሰማን እዩ» ይል ነበር። እኔም እውነት መሰለኝ። ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን ደግ ነገር ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ዘሀራ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ የገባችው ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ ነው። አባቷ ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ከልደታ ወደ ሰንጋ ተራ በሚያወጣው ቅያስ ውስጥ ነበርና ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቀጭን፣ ጸጥ ያለች፣ ስትሮጥ ግን እግሯ መሬት የሚነካ የማይመስል ልጅ ነበረች። ለአህጉሩ ሻምፒዮና ስትመረጥ አባቷ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «አደራ፣ እዚያ አባቷ አንተ ነህ» አሉኝ። «በእኔ ይሁንብዎ» አልኩ።

ልጅቷ የሄደችው ለመሳተፍ ብቻ አልነበረም። ክለቧ የሴቶቹን የረጅም ርቀት ቡድን ሊዘጋ ወስኗል። ከአህጉሩ ሻምፒዮና ሜዳሊያ ያመጣች ትቆያለች፣ ያላመጣች ትሰናበታለች ተብሎ በግልጽ ተነግሯቸዋል። አሰልጣኝ በላቸው ይህን ሲነግራት እኔም ነበርኩ። «ወርቅ አላልኩሽም» አላት። «ነሐስም ቢሆን ይበቃል።»

የሄድንበት ከተማ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለ፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚከብድ ነው። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ ነበር። እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ የአገሩ ሰዎች ከበሮ ይዘው ተሰልፈዋል። ዘሀራ ሰውነቷን ስታሟሙቅ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ ፎጣውን ከፍ አድርገው ያንሡልኝ። ሰው በዝቷል።»

«አንቺ ብቻ እኔን እዪ» አልኳት።

ሽጉጡ ተተኮሰ። አንዷን ሽምብራ ወደ ግራ ኪሴ አሻገርኩ። ሃምሳ ሜትር እንኳ ሳይሄዱ ሁለት ሯጮች እግር ለእግር ተጠላለፉና አንዷ ወደቀች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንቡ ሯጮቹን ይመልሳል። እንዲመለሱ ምልክት ተሰጠ፤ ሁሉም ተመለሱ፤ የወደቀችው ጉልበቷን አራግፋ ተሰለፈች። እኔ ዓይኔ ዘሀራ ላይ ነበር፤ ደንግጣ እንደሆነ እያየሁ። እንደገና ሽጉጡ ተተኮሰ፣ ሄዱ። እጄም ልማዱን አደረገ።

አንድ መነሻ፣ ሁለት ሽምብራ። እኔ አላወቅሁም። እጄ ያውቃል ብዬ ነበርና እኔ ማወቅ አልነበረብኝም።

አምስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ሯጮቹ በሰሌዳው በኩል ሲያልፉ ሰባት የሚል ቁጥር አየሁ። ኪሴን ዳሰስኩ፤ ስድስት ነው። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ፈገግ አልኩ። እነዚህም ሰሌዳ መገልበጥ አይችሉም ብዬ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ ትዝ ስትለኝ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

ከዚያ በኋላ በየዙሩ ሰሌዳው ከእኔ በአንድ ይበልጣል፤ እኔም በየዙሩ በሰሌዳው አዝናለሁ። ከእኛ ሦስት ልጆች አንዷ በሙቀቱ አቋርጣ ወጣች፤ ሌላዋ መቶ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀረች። ዘሀራ ግን ከአምስቱ መሪዎች አንዷ ናት። ሦስተኛ ሆና፣ ትከሻዋን ሳትወጥር፣ ሰው ገበያ እንደላካት ተረጋግታ ትሮጣለች። በእኔ ቁጥር ደወሉ መደወል ያለበት ጊዜ ደረሰና አለፈ። ደወል አልሰማሁም። ከበሮው ውጦት ነው አልኩ።

አምስቱ ወደ እኔ መጡ። የመጨረሻዋን ሽምብራ አሻገርኩ። ቀኝ ኪሴ ባዶ ሆነ። ፎጣውን በሁለት እጄ ከጭንቅላቴ በላይ አነሣሁ።

ዘሀራ አየችኝ። ዓይኗን መለስ አድርጋ ደግማ አየችኝ። አላየችው እንዳይሆን ብዬ ፎጣውን አራገብኩት። ለቀቀችው።

እንዲህ ያለ አለቃቀቅ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። ኩርባውን ሳትጨርስ አሥር ሜትር፣ ቀጥታው መሐል ሠላሳ ሜትር ቀደመች። እኔ እዘላለሁ። ይረብሹኝ የነበሩት ከበሮ መቺዎች ወዳጆቼ ሆኑ፤ አንዱን አቅፌዋለሁ። መስመሩን አለፈች። ሁለት እጇን አነሣች። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመችና መሙ ላይ ተንበርክካ በግንባሯ መሬቱን ነካች።

ያን ጊዜ ደወሉ ተደወለ።

ክው አልኩ። ከበሮው እንደዚያው ይመታል፤ ደወሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አንድ ዙር ቀርቷል ማለት ነው። ሌሎቹ አራት ከተንበረከከችው ልጅ ጎን ሽው ሽው ብለው አለፉ። አንድ ዳኛ እጁን እያወናጨፈ ሩጪ ይላታል። ግራ ቀኟን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ተነሣች። እግሯ ቀዝቅዟል። ቢሆንም ሮጠች።

እኔ ጋ ስትደርስ አንዷን አልፋ አራተኛ ሆናለች። አላየችኝም። እኔም እጄን በልማድ ወደ ቀኝ ኪሴ ሰደድኩ፤ የማሻግራት ሽምብራ የለችም። ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁለት ሽጉጥ፣ ሁለት ሽምብራ። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛዋን ልትደርስባት ሁለት ሜትር ሲቀራት መስመሩ መጣ።

አሰልጣኝ በላቸው በተመልካቹ በኩል ስለነበር ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ፎጣዬን አላየውም። ወደ ኋላ የቀረችውም ልጅ እኔ ጋ ስትደርስ ፎጣው ወርዷል። የስህተቴ ምስክር እኔና ዘሀራ ብቻ ነን።

በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ውስጥ ግምገማ ተቀመጥን። ቡድን መሪው ቃለ ጉባኤ ይዟል። በአገራችን ከውድድር ቀጥሎ ግምገማ አይቀርም፤ ሰው ድካሙ ሳይወጣለት ጥፋቱን ይናዘዛል። ተራው የዘሀራ ሆነ።

«እንዴት ነው ዙር የሚጠፋብሽ?» አላት ቡድን መሪው። «እስከ አሥራ ሦስት መቁጠር ያቅታል?»

ዘሀራ ተነሣች። እኔ ከጎኗ ሁለት ወንበር ራቅ ብዬ ነበርኩ። ስሜ ሲጠራ እየታየኝ ጠበቅሁ።

«ተምታታብኝ» አለች። ከዚያ ዝም ብላ ቆመች። ወዲያው አልተቀመጠችም።

«ማን አምታታሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ።»

ደነገጥኩ። ያልጠበቅሁት ምሕረት ከዱላ ይልቅ ያስደነግጣል። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር። ቡድን መሪው ግን ወረቀቱን ገልብጦ ወደሚቀጥለው አትሌት ሄደ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአትሌቷ የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ተጻፈ። ፈረምን። እኔም ፈረምኩ።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ሳምንት ክለቧ የስንብት ደብዳቤ ሰጣት። አባቷን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «ለእሷ ያልተባለ ነው። አንተ ግን አደራህን ተወጥተሃል፣ በሰላም መለስክልኝ» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። በቀጥታ ወደ አሰልጣኝ በላቸው ቢሮ ሄድኩ።

«ፎጣውን ያለ ጊዜው ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ስለ ሽምብራውም ነገርኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። በላቸው ግን በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«አልተናገርኩም።»

«እንግዲያው አትናገር። ሪፖርቱ ገብቷል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። አሁን ብትናገር አንተ ትወጣለህ፣ እኔ እጠየቃለሁ፣ እሷ ግን አትመለስም። ለአንድ ጥፋት ሦስት ሰው ለምን?»

ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ ሂሳብ ካየነው ልክ ነበር የተናገረው። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን እሱ ያለው አይደለም፤ ከዚያ ቢሮ ስወጣ ቀሎኝ መውጣቴ ነው። ተናገርኩ፣ አትናገር ተባልኩ፣ ከእኔ ወረደ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ገባሁ። ሽምብራዬን ወደ አሥራ ሁለት መለስኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ፣ ሁለተኛ አልሳትኩም። በላቸውም ለአዲስ ልጆች «ጋሽ ተሰማን እዩ» ማለቱን ቀጠለ።

ዘሀራ ከሰፈሩ ጠፋች። ወደ መምህራን ኮሌጅ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ ልጠይቃት እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። በመሐሉ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፣ ጎረቤት ሁሉ ተበተነ፣ በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆመ። እኔም ጡረታ ወጥቼ ከኮንዶሚኒየሙ በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመርኩ።

ባለፈው ዓመት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲያዘጋጁ የሠፈሩ ሽማግሌ ነህና ዙር ቁጠርልን አሉኝ። ሜዳው ላይ ስደርስ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የስፖርት መምህርት ልጆቹን ታሰልፋለች። ዞር ስትል ዘሀራ ናት። ትንሽ ወፍራለች፣ ሻሿ ጥቁር ነው። ባለሁበት ቆምኩ። እሷ ግን መጥታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? አላረጁም እኮ።»

ልጆቹ እስኪያሟሙቁ ድረስ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ስለ አባቷ ጠየቅኋት፤ ዐርፈዋል። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ዘሀራ፣ ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፎጣውን...»

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«እዚያው። እኔም እቆጥር ነበር። አንድ ዙር ተኩል እንደቀረኝ አውቃለሁ፣ ደወልም አልሰማሁም። እርስዎን ሳይ ግን እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩ። ጋሼ አይሳሳቱም ብዬ የራሴን ቁጥር ጣልኩት።»

ከልጆቹ መሐል አንዱ «ቲቸር፣ እንጀምር?» ይላል። እጇን አንሥታ ቆይ አለችው።

«ታዲያ ግምገማው ላይ ለምን ተምታታብኝ አልሽ?»

«ታላቅ ሰው ፊት ለፊት እንዴት ይከሰሳል? እኔ ነኝ ስል እርስዎ ተነሥተው የለም፣ እኔ ነኝ ይላሉ ብዬ ነው። ቆሜ ጠበቅኩዎት።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የሆነውን እንደሆነው ነው የምትነግረኝ። «አውሮፕላን ውስጥም ጠበቅኩ። ደብዳቤው የመጣ ዕለትም፣ ዛሬ ሳይመጡ አይቀሩም ብዬ ከቤት ሳልወጣ ዋልኩ።»

ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ ልጆቹ ሄደች። ፊሽካ ነፋች። እኔም ተነሥቼ ዙር ቆጠርኩላት፤ በሽምብራ ሳይሆን በወረቀት ላይ፣ ከጎኔ አንዲት ተማሪ አብራኝ እየቆጠረች።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምለው ይህን ነው። ሽጉጡ ሁለቴ ከተተኮሰ ሽምብራውን ከኪሳችሁ አውጡና ከመጀመሪያው ቁጠሩ። ሰሌዳውና ኪሳችሁ ካልተስማሙ ፎጣ አታንሡ። ከተሳሳታችሁ ደግሞ ለአለቃችሁ በር ዘግታችሁ ሳይሆን፣ የተበደለው ሰው ቆሞ ሳለ፣ እዚያው ተናገሩ። በኋላ የሚነገረው ለራስ ነው።